በአንድ ካርታ ላይ ስንት ክፍል አለ? ግልጽ ደብዳቤ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር

ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ በታቦር ክፍለ ከተማ የመኖሪያ ክፍልና የሱቅ ኪራይ ተያይዞ እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በታቦር ክፍለ ከተማ የኪራይ ውል የምናዘጋጅ ራፖር ጸሐፊዎች፣ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ የምንሠራ ባለሙያዎች፣ ግንበኞችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ነን። ሥራችን በየግቢው ያስገባናል። የቤት ኪራይ ለምን ተወደደ ሲባል ጉዳዩ ወደ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ይመራል፤ አዲስ የተከፈተ ሱቅ ለምን ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ ሲባል ደግሞ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት። ግቢ ውስጥ ገብቶ ላየው ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ከተማው የሚያውቀው የይዞታ ካርታን ነው፤ ገበያው የሚያከራየው ክፍልን ነው። የምንጠይቃችሁ ክፍሉ እንዲቆጠር ነው።

ምን ለማለት እንደፈለግን በአንድ ግቢ እናሳይ። 200 ካሬ ሜትር ይዞታ እንውሰድ፤ ካርታው ላይ የሰፈረው አገልግሎት “መኖሪያ” ነው። መሐል ላይ ዋና ቤት፣ ጓሮ ማድ ቤትና ሰርቪስ፣ ፊት ለፊት አጥር ነበረ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ በጥቁር ውኃ በኩል ያሉ ሰፈሮች ጓሯቸው ሦስት በሦስት ሜትር በሆኑ ክፍሎች ተሞላ፦ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ስድስቱ በአንድ ረድፍ። ቀጥሎ የአጥሩ ተራ ደረሰ። አጥሩ ፈርሶ የላሜራ በር የተገጠመላቸው ሦስት ሱቆች ወደ መንገዱ ወጡ፤ አንዱ ፀጉር ቤት፣ አንዱ ሞባይል ጥገና፣ አንዱ ቁርስ ቤት። ካርታው ዛሬም የሚያሳየው አንድ መኖሪያ ቤት ነው።

ዋጋው የሚነሳው ከዚያ አጥር ነው። መንገድ ዳር ያለ ክፍል በሱቅነት የሚያወጣው በመኖሪያነት ከሚያወጣው ስለሚበልጥ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስለቅቀው ፊት ለፊት የሚኖረውን ተከራይ ነው። ያ ተከራይ ሥራው እዚሁ ስለሆነ ከሰፈሩ አይርቅም፤ ጓሮ ያለውን ክፍል ይፈልጋል። ፈላጊው በዛ፣ ክፍሉ ግን ያው ስድስት ነው። በግል ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ የፓርኩ የስፌት ሠራተኛ ኪራይ በጨመረ ቁጥር የምትጨምረው ገንዘብ የላትም። የምትጨምረው ሰው ነው። በዘጠኝ ካሬ ሜትር ውስጥ ሦስትና አራት ሆነው የሚያድሩት ለዚህ ነው። ይህን ያየ አከራይ ደግሞ ኪራዩን በክፍል መተመን ትቶ በሰው ቁጥር መጠየቅ ይጀምራል።

በ2015 መጨረሻ የደቡብ ክልል ሲከፈል ሐዋሳ የነበሩት መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች መሄዳቸው ኪራይን ያረክሳል ብሎ የጠበቀ ብዙ ነበር። የተለቀቀው ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ የተሠራ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ቤት ነው። እሱ ባዶ መዋሉ ለጓሮው ክፍል ምንም አይፈይድለትም።

አሁን ወደ ሕጉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይላል። ጥሩ አዋጅ ነው፤ ግን የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። ውሉ ላይ “ለሱቅ” የሚለው ቃል ሲገባ እነዚህ ሁሉ ከለላዎች ይቀራሉ። ስለዚህ ክፍልን ወደ ሱቅ መቀየር ኪራይ መጨመሪያ ብቻ ሳይሆን ከአዋጁ መውጫም ሆኗል። “ለሱቅ” ተብሎ በተከራየ ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ለይቶ ቤተሰብ የሚያኖር ነጋዴ ጥቂት አይደለም፤ እሱ ቤቱንም ሱቁንም የሚያጣው በአንድ ቀን ነው።

የሱቁን ተከራይ ሒሳብ በምሳሌ እንየው። ኪራዩ በወር 8,000 ብር ቢሆንና አከራዩ የዓመት ቅድሚያ ቢጠይቅ፣ በሩ ሳይከፈት 96,000 ብር ይወጣል። ዕቃ መግዣው ለኪራይ ሄደ ማለት ነው፤ ሱቁ በግማሽ መደርደሪያ ይከፈታል። ቀድሞ የነበረ ተከራይ ካለ ደግሞ “የቁልፍ” የሚባለው ይጨመራል፤ ይህ ያለ ደረሰኝ የሚከፈል ገንዘብ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይታይም። ነጋዴው ኮርኒስ ይሠራል፣ ሴራሚክ ያነጥፋል፣ መስታወት ይገጥማል። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። በአሥራ አንደኛው ወር አከራዩ ጭማሪ ሲጠይቅ ያነጠፈውን ሴራሚክ ነቅሎ መሄድ አይችልም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ሱቆቹ በብዛት የሚዘጉት ደንበኛ አጥተው አይደለም፤ ሁለተኛውን ዓመት የሚያሻግር ውል ስለሌላቸው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ድርብ ውል ነው። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብሩን ለማሳነስ፣ እውነተኛው ኪራይ በወር 15,000 ብር ሆኖ ውሉ ላይ 5,000 እንዲጻፍ ያደርጋል። ነጋዴው ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ውሉ ስለሚያስፈልገው ይፈርማል። ሒሳብ ሲዘጋ ወጪ ሆኖ የሚያዝለት የተጻፈው ብቻ ነው። በወር 10,000፣ በዓመት 120,000 ብር ከኪሱ የወጣ ገንዘብ ትርፍ ተብሎ ግብር ይከፈልበታል። የአከራዩን ግብር ተከራዩ ከፈለ ማለት ነው። ክርክር ቢነሳም ፍርድ ቤት በእጁ የሚያገኘው የ5,000ውን ወረቀት ነው። የፈቃድ እድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት የሚካሄድ በመሆኑ፣ ውሉን አላድስም የሚል አከራይ ነጋዴውን የሚይዘው በነዚህ ወራት ነው።

ስለ መብራት ትንሽ ዘርዘር እንላለን፤ እዚህ ላይ ያለው ችግር እሳት ያመጣል። በአብዛኞቹ ግቢዎች ያለው አንድ ባለ ነጠላ ፌዝ ቆጣሪ ነው፤ በባለቤቱ ስም የገባ፣ ለአንድ ቤተሰብ የታሰበ። በእነዚህ ሰፈሮች ቶሎ ከሚስፋፉት ሥራዎች አንዱ እንጀራ ጋግሮ ለሠራተኛና ለምግብ ቤት ማቅረብ ነው። አንድ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ሁለት ምጣድ አብሮ ሲሠራ 32 ይሆናል። ከቆጣሪው ወደ ጓሮ የተሳበው ገመድ ግን ብዙ ጊዜ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ20 አምፔር ብዙም ማለፍ የለበትም። ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግር በትልቅ ብሬከር ይቀየራል። ያኔ ብሬከሩ መውደቁን ያቆማል፣ ገመዱ መጋል ይጀምራል። ክፍሎቹ በኮምፔንሳቶ የተከፈሉ ከሆኑ የቀረውን መገመት አያዳግትም። ጋጋሪዋ ሦስት ፌዝ (ለከባድ ጭነት የሚሆን መስመር) እንዳታስገባ ካርታው የእሷ አይደለም፤ ባለቤቱ ደግሞ ግቢው የንግድ ተብሎ እንዳይመዘገብበት ይፈራል።

የታሪፉም ነገር አለ። የመኖሪያ ታሪፍ በእርከን የሚሄድ ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ስድስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም ዝቅተኛው እርከን ላይ ይቆዩ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን 300 ይሆናል። ትንሽ የሚጠቀመው ደሃ የብዙ ተጠቃሚ ዋጋ ይከፍላል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ስለተወሰነ ልዩነቱ እየሰፋ የሚሄድ ነው። በየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ መግጠም የተከራዮችን ጭቅጭቅ ያበርዳል እንጂ ይህን አይፈታም።

ስለ ፍሳሽ አንድ ነገር ብቻ። ለአምስት ሰው የተቆፈረ ጉድጓድ ሃያ ሰው ሲገለገልበት በአራት እጥፍ ፍጥነት ይሞላል። ማስመጠጫው የማን ወጪ እንደሆነ በውል አልተጻፈም፤ ሲሞላ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይከፈታል። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ቆጠራ ይህን ይመስላል። ሁለት ሰው፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ገጽ ቅጽ። በየበሩ የክፍል ቁጥር ይጻፍ። ቅጹ ላይ የካርታው ቁጥር፣ የክፍሉ ስፋት፣ አገልግሎቱ (መኖሪያ፣ ሱቅ፣ ሁለቱም፣ ባዶ)፣ የሚኖርበት ሰው ብዛት፣ ኪራዩና ቅድመ ክፍያው፣ ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ፣ መጸዳጃው ለስንት ክፍል እንደሆነ፣ ውሉ መመዝገብ አለመመዝገቡ ይሞላ። አንድ ግቢ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። በቀን 12 ግቢ ቢያዝ አንድ ቡድን በ20 የሥራ ቀን 240 ግቢ ይጨርሳል። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ የሄደ የቆጠራ ሠራተኛ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው፤ የፓርኩ ሠራተኞች በፈረቃ ስለሚሠሩ እሑድ መታከል አለበት። ኪራዩን አከራይንና ተከራይን ለየብቻ ጠይቁ፤ ሁለቱ የሚሰጡት ቁጥር ካልገጠመ ሁለቱም ይጻፍ። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ሲተገበር ሕንፃ መለካቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ያው መለኪያ ለሁለቱም ቢያገለግል ድካሙ ይቀላል።

ቆጠራው የሚበላሽበትም መንገድ ይታወቃል። “ሊያፈርሱ ነው” የሚል ወሬ ከቆጣሪዎቹ ቀድሞ ይደርሳል፤ አከራዩ ከዋዜማው ተከራዮቹን አስወጥቶ ክፍሉን በቁልፍ ይዘጋል። በቆጠራ ስም ሰው መንገድ ላይ እንዳይወድቅ፣ ከመጀመሩ በፊት የከንቲባ ጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ በየቀበሌው ይለጠፍ፦ በዚህ ቆጠራ የተገኘ መረጃ ለማፍረስና ያለፈውን ዓመት ኪራይ ለማስቀጣት እንደማይውል፣ እውነተኛ ውል ያስመዘገበ ከመጪው ሐምሌ 1 ጀምሮ እንደሚስተናገድ። የገቢዎች ባለሙያ ከቆጣሪዎቹ ጋር ግቢ አይግባ።

ሱቆቹን በተመለከተ ዝጉ አንልም። ሰፈሩ ፀጉር ቤቱንም ቁርስ ቤቱንም ይፈልጋቸዋል። አጥሩን አፍርሶ ሱቅ ለሠራ ባለቤት ጊዜያዊ የቅይጥ አገልግሎት ፈቃድ ይሰጠው፤ በምላሹም ለሱቁ ተከራይ የሦስት ዓመት ውል ይስጥ፣ ቅድመ ክፍያው ከሦስት ወር አይብለጥ፣ ዓመታዊ ጭማሪው በመቶኛ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ተከራዩ በክፍሉ ላይ ያወጣው ወጪም እንዴት እንደሚታሰብ ይካተት። ባለቤቱ ዛሬ የሚፈራው ካርታው “መኖሪያ” ስለሚል ነው፤ ከዚያ ፍርሃት የሚያወጣው ወረቀት ከመጣ ለዚህ ቅድመ ሁኔታ እሺ የሚል ብዙ ይኖራል። በፈቃዱ ላይ ተመሥርቶ ለጋጋሪዋ የሦስት ፌዝ ጥያቄ ማቅረብም ይቻላል።

ለሱቅ የሄደውን ክፍል የሚተካው ደግሞ ወደ ላይ መሥራት ነው፤ ጓሮው አልቋል። አሁን ያሉት የጓሮ ክፍሎች ኮለን (የብረትና ኮንክሪት ምሰሶ) ስለሌላቸው ሶሌታ (የፎቅ ኮንክሪት ወለል) አይሸከሙም። ባለ 15 ብሎኬቱ ራሱን እንጂ ሁለተኛ ፎቅ አይችልም፤ በላዩ ላይ ለመጨመር የሚሞክሩ ስላሉ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ከተማው ለ200 ካሬ ይዞታ የሚሆን ባለ አንድ ፎቅ የጓሮ ቤት ንድፍ፣ የመሠረቱንና የኮለኑን ብረት ጭምር፣ አዘጋጅቶ በነፃ ቢሰጥና ያንን ንድፍ ለሚከተል ፈቃዱን ቢያፋጥን፣ ስድስቱ ክፍል በዚያው መሬት ላይ አሥራ ሁለት ይሆናል።

የኮሪደር ልማቱም ይህን ያስቸኩላል። መንገድ ዳር ሲነሳ ባለካርታው በስሙ ይመዘገባል። ሱቁ ውስጥ የነበረው ነጋዴና ከኋላ ያለው ተከራይ ግን የተመዘገበ ውል ከሌላቸው እንደነበሩ የሚያሳይ ወረቀት አይኖራቸውም። የበሩ ላይ ቁጥር ያንን ወረቀት ይሆናቸዋል።

ቆጠራው በግንቦት ቢጀመር ውጤቱ የበጀት ዓመቱና የፈቃድ እድሳቱ ከሚጀምሩበት ከሐምሌ 1 በፊት ይደርሳል። ቅጹን አዘጋጅተናል፤ በምትመርጡት አንድ ቀበሌ ያለ ክፍያ ልንሞክረውና ሙሉውን መዝገብ ለጽሕፈት ቤታችሁ ልናስረክብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በታቦር ክፍለ ከተማ የምንሠራ ራፖር ጸሐፊዎች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ግንበኞችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች
ሐዋሳ