የግዥ ሠራተኛው ቦነስ በምን ይለካል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ዛፍ ተከላው፣ ስለ ነፃ የትምህርት ዕድሉ፣ ስለ እርዳታው በደንብ ተጽፏል። ሠራተኛ የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው፣ ደመወዝና ቦነስ የሚያሰላው የሰው ሀብት ክፍል ግን አንድም ቦታ አልተነሳም። ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚህ ሙያ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በሠራሁባቸው ድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሥራ ነበር። እኛን የሚፈልጉን ለበጎ ፈቃድ ቀን ሰው እንድናሰባስብ ነው። አቅራቢ፣ ማለትም ዕቃውን ሠርቶ የሚያስረክበው ፋብሪካ፣ ሲመረጥ፣ ዋጋ ሲቆረጥ፣ የማስረከቢያ ቀን ሲወሰን ግን የጠየቀን የለም። የሠራተኛው ኑሮ የሚወሰነው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ራና ፕላዛን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሳቫር ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ሕንፃው መሰንጠቁ የታየው በዋዜማው ነው። በታችኛው ፎቅ ያሉት ባንክና ሱቆች ወዲያው ዘጉ። የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ካልገባችሁ ደመወዝ የለም የተባሉም ነበሩ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። “ሕንፃው ያስፈራል፣ አልገባም” ለምትል ሴት ደመወዟ እንደማይነካ የሚያረጋግጥላት ሰው አልነበረም። ይህን ማረጋገጥ የሕንፃ መሐንዲስ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ነው።

ፋብሪካዎቹን የሚፈትሽ ኦዲት አለ ይባላል። ከራና ፕላዛ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች አልቀዋል። ያ ፋብሪካ ከሳምንታት በፊት የማኅበራዊ ኃላፊነት ሰርተፊኬት ተሰጥቶት ነበር። ኦዲተር መጥቶ ወረቀት ያያል፣ ጥቂት ሰው ያነጋግራል፣ ይሄዳል። ሠራተኛው ከአለቃው ጋር እዚያው ይቀራል።

ታዲያ እኛ ምን ማድረግ እንችላለን? ከሁሉ በፊት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጹን መቀየር። የግዥ ሠራተኛ ቦነስ የሚያገኘው ዋጋ ስላስቀነሰና ዕቃውን በቀኑ ስላስገባ ነው። ዲዛይኑ በመጨረሻ ሰዓት ይለወጣል፣ የማስረከቢያው ቀን ግን ንቅንቅ አይልም። አቅራቢው ያለው አማራጭ ሰውን ሌሊቱን ማሠራት፣ ወይም ሥራውን ማንም ጎብኝቶት ለማያውቅ ወርክሾፕ ማስተላለፍ ነው። የዚያው ኩባንያ የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በግዴታ አይሠራም ይላል። ደንቡን የጻፈ ድርጅት ደንቡን ለሚያስጥስ ሰው ቦነስ ይከፍላል ማለት ነው። ያንን ቅጽ የምናዘጋጀው እኛ ነን። የአቅራቢው ሠራተኞች ሁኔታ፣ ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ፣ ክፍያ በሰዓቱ መፈጸሙ ቅጹ ላይ ይግባ። ይህን በአንድ ስብሰባ ሳነሳ “ይሄ የግዥ ጉዳይ ነው፣ እናንተን አይመለከትም” ተባልኩ። ይመለከተናል።

ሁለተኛው ቅጥር ነው። ከአገር አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ለደላላና ለኤጀንሲ ከፍሎ፣ ዕዳ ተሸክሞ ሥራ ይጀምራል። ፓስፖርቱን የሚይዙበትም አሉ። ዕዳ ያለበት ሰው በደል ቢደርስበትም ጥሎ አይሄድም። የዓለም የሥራ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 27.6 ሚሊዮን ሰው በግዳጅ ሥራ ውስጥ ነበር። ኤጀንሲ የሚመርጠውና ውል የሚፈርመው በብዙ ቦታ የሰው ሀብት ክፍል ስለሆነ፣ የቅጥር ወጪውን ሠራተኛው ሳይሆን ቀጣሪው ይክፈል የሚለውን አንቀጽ ውሉ ውስጥ ማስገባት እጃችን ላይ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 አቅራቢዎቹ ከሠራተኛ የቅጥር ክፍያ እንዳይወስዱ ከልክሏል። ስለዚህ አይቻልም የሚለው መልስ አያሳምነኝም።

ሩቅ ሳንሄድም በየመሥሪያ ቤቱ በኤጀንሲ የተቀጠሩ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች አሉ። በሠራተኛ ዝርዝራችን ላይ የሉም። ቅሬታቸውንም የሚቀበል የለም። እዚያ መጀመር ይቻላል።

ብዙ ሠራተኛ ኤች አርን፣ ማለትም የሰው ሀብት ክፍልን፣ የአለቃ ጆሮ አድርጎ እንደሚያይ አውቃለሁ። ምክንያትም አለው። ለዚህ ነው ሥራውን ብቻችንን እንያዘው የማልለው። ከራና ፕላዛ በኋላ በባንግላዴሽ የተፈረመው የእሳትና የሕንፃ ደኅንነት ስምምነት ጉልበት ያገኘው ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ከኩባንያዎቹ ጋር አብረው ስለፈረሙትና በሕግ የሚያስገድድ ስለነበር ነው። ሕጉም እየተከተለ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2017 ትልልቅ ኩባንያዎች በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ የሚደርሰውን በደል የመከላከል ግዴታ ጣለችባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጀርመን ሕግ ደግሞ የአቅራቢ ሠራተኞችም አቤት የሚሉበት የቅሬታ መቀበያ እንዲኖር ያስገድዳል። ቅሬታ ሰምቶ፣ ምስጢር ጠብቆ፣ አቤት ያለውን ሰው ከበቀል መከላከል የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ያ ልምድ ያለው በእኛ ሙያ ነው።

እናንተን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የአንድ ኩባንያ ኃላፊ ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት ቃለ መጠይቅ ሲሰጣችሁ የግዥ ሠራተኞቹ ቦነስ በምን እንደሚለካ ጠይቁልን። መልሱንም እንዳለ አትሙት።

አክባሪያችሁ፣
የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ