ጫፉ ያፈጠጠ ብረት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የብየዳ ሱቅ አለኝ። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ በአስፋልቱ ዳር ያለው የብረት መከላከያ ሲኖትራክ ከገጨው ወዲህ ተበጥሶ፣ ጫፉ በሚመጣው መኪና ላይ እንዳፈጠጠ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ጫፍ ሲገጩት እንደ ጦር መኪናውን ወግቶ ተሳፋሪው ጋ ይደርሳል። ለዚህ ነው ደንበኛው አሠራር ጫፉን ከመንገዱ አርቆ መቅበር ወይም ግጭት የሚያበርድ መጨረሻ መግጠም የሆነው። መሃል አካፋዩ ላይ ያለው ኮንክሪትማ ሌላ ነው፤ ከሥሩ ሰፍቶ ተዳፋት የሆነው ለጌጥ አይደለም፣ በጎን የታከከውን ጎማ ሽቅብ አንስቶ መኪናውን ወደ መስመሩ እንዲመልስ ነው። ፊት ለፊት ለገጨው ግን አይራራም።

ሌባም አለበት። ቁራጩን እኔው ጋ አምጥተው «ግዛን» ብለውኛል፤ አባረርኳቸው።

የሚመለከተው ክፍል ይጠግነው። እስከዚያው ቢያንስ አንጸባራቂ ምልክት ይለጠፍበት፤ ማታ ጨርሶ አይታይም።

አንድ በያጅ፣ ከቱሉ ዲምቱ