አፈር ስለላሰችው ላም ለአዘጋጁ የተጻፈ ደብዳቤ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰሜን ሸዋ ደጋ የወተት ከብቶች ያወጣችሁት ዘገባ የመኖ ዋጋ መናሩን፣ የወል ግጦሹም መጥበቡን በትክክል ገልጿል። ያንገበገበኝ ከፎቶግራፉ ሥር የሰፈረው መስመር ነው፦ «በግንዛቤ እጥረት አፈር እየላሱ የሚያድጉ ከብቶች»። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከብት ለምናረባ ሰዎች ከዚያ ሁሉ ዘገባ የደረሰን ድርሻ ይህ ብቻ ነው። ዘጋቢያችሁ አንድ ኃላፊና አንድ የሚላስ የማዕድን ብሎክ ሻጭ አነጋግሯል፤ ላሟ ለፎቶ ከቆመችለት ባለቤቷን መጠየቅ ትርፍ ድካም መስሎት ይሆናል።

በፎቶግራፉ ላይ ያለው ከመንገድ ዳር የተዛቀ አፈር ሳይሆን ከገበያ በገንዘብ የተገዛ ቦሌ፣ ማለትም ለከብት የሚላስ ጨዋማ የማዕድን አፈር ነው። ሣር ፖታሲየም ሞልቶት ሶዲየም ስለሚያንሰው፣ በሣር የምትኖር ላም ጨው ፍለጋ ትንከራተታለች፤ አባቶቻችንም ይህን ጉድለት በአሞሌና በቦሌ ሲሸፍኑ ኖረዋል። ከብቱን ማዕድን ወዳለበት ውሃ፣ ወደ ሆራ የሚነዳው የኦሮሚያ ገበሬም ለሽርሽር አይሄድም። ይህን ስል ቦሌ ሁሉን ይፈውሳል ማለቴ አይደለም፤ ይዘቱ እንደተቆፈረበት ቦታ ይለያያል፣ ለፎስፈረስና ለመዳብ እጥረትም አስተማማኝ መፍትሔ አይሆንም።

ታዲያ ግንዛቤ የጎደለው ለማን ነው? በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ላም በወተቷ ብቻ 12 ግራም ገደማ ካልሲየምና 9 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ታወጣለች። ይህን የምትተካው ከግጦሹ ነው፤ ግጦሹም ከአፈሩ ካላገኘ የሚሰጣት የለውም። ማገዶ ስለሌለን እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ ናይትሮጂኑና ድኙ በጭስ ይሄዳሉ፣ ፎስፈረሱን የያዘው አመድም ወደ መስኩ መመለስ ሲገባው ከጓሮ ይደፋል። ድርቆሹ ደግሞ ዝናቡ እስኪያቆም እየተጠበቀ፣ ሣሩ ፍሬውን አራግፎ ከደረቀ በኋላ ይታጨዳል፤ በዚያን ጊዜ ፎስፈረሱ እጅግ ቀንሷል፣ ከሣሩ ጋር የሚበቅለውና በካልሲየም ከሣር የሚልቀው ማገጥ የተባለው ተክልም ቅጠሉ ረግፏል። አሲዳማ አፈር በበኩሉ ፎስፈረሱን ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር አስሮ ይይዘዋል። ወደ 40 በመቶ የሚሆነው የአገራችን የእርሻ መሬት አሲዳማ እንደሆነ ሲነገር እንሰማለን፤ አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ ሲታደል ግን የሚቆጠረው የስንዴና የገብስ ማሳ ነው። ግጦሽ መሬት አይደለም መሰለኝ። እርግጥ ነው፣ ኖራም ቢሆን አፈሩ ሳይመረመር አይበተንም፤ ከመጠን ሲያልፍ ሣሩ ሞሊብዲነም የተባለውን ማዕድን በብዛት ይስባል፣ ያም በከብቷ ሆድ ውስጥ መዳቡን አስሮ ወደ ሰውነቷ እንዳይገባ ያደርጋል።

ስለ መዳብ ካነሣሁ፣ በአዋሽ ሸለቆ እጥረቱ ከታወቀ ዓሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ መዳብ ካነሳት በግ የሚወለድ ግልገል የኋላ እግሩ እየተሳሰረበት መቆም ሊያቅተው ይችላል። ትርፉም ቢሆን ይገድላል። ዘገባችሁ ካሞገሰው ብሎክ ዓይነት፣ ለላም የተዘጋጀውን፣ ስሙን የማልጠራው ነጋዴ «ለበግም ያው ነው» ብሎ ሸጦልኛል። በግ የመዳብ ብዛት እንደ ላም አይችልም። በጎቼ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሽንታቸው ጠቁሮ አለቁ፤ ሐኪሙም የመዳብ መመረዝ ነው አለኝ። ይህ ግን አፈር ማላስ ስላልሆነ ሥልጣኔ ይባላል፤ ፎቶ ሊያነሣው የመጣም የለም።

ብሎክ አይሸጥ አላልኩም። ለየትኛው ከብት፣ የትኛውን ጉድለት ለመሙላት እንደሆነ ግን አፈሩና ሣሩ ተመርምሮ ይታወቅ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ አጠገባችን ነውና ዘጋቢያችሁ ዳግም ሲመጣ ጎራ ብሎ ይጠይቅ፤ ለግጦሽ መሬት ስንት ኩንታል ኖራ እንደተመደበም ኃላፊውን ይጠይቅልን። እስከዚያው ግን የፎቶግራፉን መግለጫ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አርማችሁ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የወተት ላምና በግ አርቢ
ከደብረ ብርሃን ዙሪያ