የፊዚክስ ክበብ፦ ፍጥነትና ቬሎሲቲ በሀረጎ መንገድ

የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ክበብ የጥያቄና መልስ ውድድሩንና የቤተ ሙከራ ዕቃዎች ዝግጅቱን ዘንድሮም እንደ ወትሮው ያካሄደ ሲሆን፣ የበዛውን ጊዜ የወሰደው ግን በፍጥነትና በቬሎሲቲ መካከል ያለውን ልዩነት በልኬት የማሳየቱ ሥራ ነበር። ፍጥነት ስኬላር (መጠን ብቻ ያለው)፣ ቬሎሲቲ ደግሞ ቬክተር (መጠንም አቅጣጫም ያለው) መሆኑን በቃላቸው የሚወጡ ተማሪዎች እንኳ ስሌት ሲሰጣቸው ለሁለቱም አንድ መልስ ማስቀመጣቸው ርእሱን እንድንመርጥ አድርጎናል።

ለልኬቱ የተመረጠው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ ነው። በሀረጎ በኩል እየተጠማዘዘ የሚወርደው ይህ መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ሁለቱን ከተሞች በካርታ ላይ በማስመሪያ ስናገናኛቸው ቀጥተኛው ርቀት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አቅጣጫውም ደቡብ ምሥራቅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጉዞውን በ50 ደቂቃ የሚጨርስ ሚኒባስ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በቀጥተኛው ርቀት የሚሰላው አማካይ ቬሎሲቲው ግን በሰዓት 15.6 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። አቅጣጫውን ያልጻፈ ተማሪ ወረቀቱ እንዲመለስለት መደረጉ ቅሬታ ቢያስነሳም፣ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ረዥሙን ክርክር ያስነሳው የደርሶ መልሱ ስሌት ነው። ሚኒባሱ ኮምቦልቻ ደርሶ ደሴ መናኸሪያ ሲመለስ 50 ኪሎ ሜትር ቢጓዝም፣ ከተነሳበት ቦታ ላይ ስለሚቆም የቦታ ለውጡ ዜሮ፣ አማካይ ቬሎሲቲውም ዜሮ ይሆናል። አንዲት የክበቡ አባል፣ «ታዲያ ነዳጁን ማን ጨረሰው?» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ጥያቄዋ ግን ከቀልድ በላይ ነው፤ ነዳጁ የሚያልቀው ጎማው በረገጠው ርቀት እንጂ በመነሻና በመድረሻ መካከል ባለው የቦታ ለውጥ አይደለምና።

ለብዙዎቹ የከበደው፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቬሎሲቲው ሊለወጥ መቻሉን መቀበል ነበር። መኪናው የሀረጎን ኩርባ ሲታጠፍ የፍጥነት መቁጠሪያው 30 ላይ ረግቶ ቢቆይም፣ አቅጣጫው በየቅጽበቱ ስለሚቀየር ቬሎሲቲው አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። ይህንን ለማሳየት በሜዳው ላይ ክብ በኖራ አስምረን፣ በክር የታሰረ የላስቲክ ኳስ በክቡ ዙሪያ አሽከረከርን። ክሩ ሲለቀቅ ኳሱ የኖራውን መስመር ተከትሎ አልዞረም፤ በተለቀቀበት ቅጽበት ይዞት በነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ወደ አጥሩ ሄደ። አንዳንዶች ኳሱ ከክቡ መሐል ወደ ውጭ ይወረወራል ብለው ስለገመቱ፣ ሙከራው በጥያቄያቸው ተደጋገመ።

በሚቀጥለው ዓመት ቁልቁለቱና ዳገቱ ለየብቻ ይለካሉ። መኪናው ሲወርድ በሰዓት 30፣ ሲወጣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት አባላቱ ወዲያው እንደመለሱት 25 ሳይሆን 24 ነው፤ 50 ኪሎ ሜትሩ የሚያልቀው በ125 ደቂቃ ነውና።