ለአባባ፣ ስለ ሰሙት ገንዘብ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የእማማስ ጉልበት ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እትዬ ደውላ «የአሜሪካ መንግሥት ብር አፈሰሰለት» እየተባለ ሰፈሩ በወሬ መሙላቱን አጫወተችኝ። እቁብ የወጣልኝ አስመስለውታል። ነገሩን ከወሬኛ ሳይሆን ከእኔው እንዲሰሙት ብዬ ነው።

እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ሕግ አለ። ለምርምር ከፍ ያለ በጀት የሚይዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ ለሌሎች ሰጥተው ከሚያሠሩት ምርምር ገንዘብ 3.2 በመቶውን ለትንንሽ ኩባንያዎች መለየት አለባቸው። ኤስቢአይአር ይሉታል። ዜጋ ባልሆንም ግሪን ካርዴ ይበቃል። ብድር አይደለም፣ ከኩባንያውም ድርሻ አይወስዱም።

እኔ ያመለከትኩት ከእነዚህ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ለሆነው ለናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። በቧንቧ ውኃ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት መኖሩን እዚያው ቤት ውስጥ የሚለይ ትንሽ መሣሪያ እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ ሐሳቡን በአጭሩ ይልካሉ፤ «ቀጥል» ካሉ ብቻ ሙሉው ፕሮፖዛል ይገባል። የሚገርምዎ፣ መሥራቱ የተረጋገጠ ነገር ከሆነ አይፈልጉትም። ሊከሽፍ የሚችል፣ ከተሳካ ግን ገበያ ያለው ሐሳብ ነው የሚሹት። «ላይሠራ ይችላል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው እርስዎ ዘንድ ቢመጣ በር ይዘጉበት ነበር!

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለመጀመሪያው ምዕራፍ ጣሪያው 305,000 ዶላር ነው፤ የሚገባውም በኩባንያው ሒሳብ እንጂ በእኔ ኪስ አይደለም። እርስዎ በንብረት ክፍል ሳሉ ሞዴል 22 የሚባለው የንብረት ወጪ ቅጽ ሳይፈረም አንዲት ላጲስ አያወጡም ነበር፤ እዚህም ያው ነው። ማታ ማታ ስንት ሰዓት በፕሮጀክቱ ላይ እንደሠራሁ ጽፌ እፈርማለሁ፣ ከዚያ አለቃ ሆኜ የራሴኑ ወረቀት አጸድቃለሁ። ባለቤቴ ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች። ለኩባንያው ትርፍ ተብሎ እስከ 7 በመቶ ይፈቀዳል፤ እሱም ለፓተንት (ለፈጠራ መብት) ጠበቃ ሄዷል።

አቡሽ ከአዲስ አበባ ሆኖ ሶፍትዌሩን ቢሠራልኝ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ግን ምርምሩ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ መሠራት አለበት ይላሉ። ወንድሙ ረሳው እንዳይል አስረዱልኝ።

የቤቱ ጣሪያ ነገር አልተረሳም። የሆስፒታሉን ሥራ ስለለቀቅሁ ደመወዜ ከድሮው ያንሳል፤ ከእሱ ቆጥቤ የቆርቆሮውን ግማሽ ከመስቀል በኋላ፣ ቀሪውን በጥር እልካለሁ። እስከዚያ በዱቤ እንዳይገዙ። አጎቴም ለልጁ ሠርግ ከዚህ ገንዘብ እንዳይጠብቅ እርስዎው ይንገሩልኝ፤ ከእኔ ከሰማ ይቀየመኛል።

አክባሪ ልጅዎ