ይድረስ ለአዘጋጁ፦ ጎሚስታም ግጥም ይሰራል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። እኔ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር የምሰራ ጎሚስታ ነኝ፣ 54 አመቴ ነው፣ ለጋዜጣ ስፅፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ የፊደል ስህተት ካለ አስተካክሉልኝ ሀሳቡን ግን አትቁረጡብኝ። ባለፈው ስለ አዳዲስ ዘፋኞች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን የዘፋኙ ልብስና ፀጉር ሳይቀር ተፅፎ ግጥሙን ማን እንደፃፈው ዜማውን ማን እንደሰራው አንድም ቦታ የለም። ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ ስለቆየ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ ሙዚቃ ውስጥ የገባሁት በ47 አመቴ ነው። ከዛ በፊት ሬዲዮ እየሰማሁ ጎማ ከመፍታት ውጪ ምንም አላውቅም። አንድ ጓደኛዬ ልጁን የዳረ ሰሞን ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ይዞኝ ሄደ፣ አዝማሪዋ ሰዉን ተራ በተራ እየዞረች ታወድሳለች፣ ሰዉም ተቀበይ እያለ ግጥም ይሰጣታል፣ እኔ ጋ ስትደርስ ምን እንደነካኝ እንጃ ተቀበይ አልኳትና እንዲህ አልኩ፦

ስደፍን ስደፍን የሰዉን ቀዳዳ፣
የኔ ልብ ተንፍሶ አደረ በሜዳ።

ማሲንቆው ቆመ። "ጋሼ እስቲ ይድገሙልኝ" አለችኝ፣ ደገምኩላት፣ እሷም ሶስት ጊዜ እየደጋገመች ዘፈነችው፣ ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ሰሙ የኔው የጎማ ስራ ነው። ወርቁን ግን እዛ የነበረ ሰው ሁሉ አገኘው፣ እኔ አባቴ ሲሞት ትምህርት አቋርጬ ታናናሾቼን ያሳደግኩ ሰው ነኝ፣ የአንዱን የትምህርት ቤት ክፍያ የሌላዋን የቤት ኪራይ ስደፍን ነው የኖርኩት፣ ትዳር እንኳን ሳልይዝ 40 አለፈኝ። ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ በሁለት መስመር ወጣልኝ። ያን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዛ ክራር ገዛሁ። የጎረቤቴ ልጅ 20 አመት አይሞላውም እሱ ነው ያስተማረኝ፣ ማታ ስራ ስጨርስ እየመጣ። ክራር ስትደረድር የቀኝ እጅህ ሁሉንም ክር ይመታል፣ መጮህ የሌለበትን ክር አፍኖ የሚይዘው የግራ እጅ ጣት ነው፣ እኔ ደግሞ ጣቴ ክሪክና ብሎን ሲይዝ የኖረ ስለሆነ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ልጁ "ጋሼ ጣትዎትን ዘና ያድርጉት፣ ጎማ አይደለም" ይለኝ ነበር። የትዝታን ቅኝት ለመያዝ አራት ወር ፈጀብኝ፣ ባቲና አምባሰል ከዛ በኋላ መጡ፣ አንቺሆዬ ግን እስካሁን ያስቸግረኛል። አሁን ክራሩ ከኮምፕረሰሩ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ስራ ሲቀዘቅዝ አወርደዋለሁ። የአስናቀች ወርቁንና የካሳ ተሰማን ክራር ስንት አመት በሬዲዮ ስሰማ ኖሬ እጃቸው ምን እንደሚሰራ የገባኝ አሁን ነው።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የዛሬ ሁለት አመት አካባቢ አንድ ሚኒባስ የኋላ ጎማው ተንፍሶ መጣ፣ ሹፌሩ ሬዲዮኑን አልዘጋውም፣ እኔ ቸርኬውን ይዤ ከመነዳሪውን እያወጣሁ ነበር፣ ዘፈኑ መሀል ላይ የኔ ሁለት መስመር መጣች፣ "ስደፍን ስደፍን" ብሎ። ከመነዳሪው ከእጄ ወደቀ። ሹፌሩ ምነው ሲለኝ ግጥሙ የኔ ነው አልኩት፣ አየኝና ዝም አለ፣ አላመነኝም፣ አልፈርድበትም እጄ ግራሶ ነው። ዘፋኙን አልጠራም፣ ምናልባት እሱም ከሌላ ሰው ሰምቶት ይሆናል፣ አዝማሪ ቤት የተባለ ግጥም ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚሄደው።

በኋላ አንድ ጠበቃ ደንበኛዬን ጠየቅኩት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፣ 872/2007 በሚባል አዋጅም ተሻሽሏል፣ ስራው የራስህ ፈጠራ ከሆነ ሳታስመዘግበውም መብቱ ያንተ ነው፣ በህይወት እስካለህ፣ ከሞትክ በኋላም 50 አመት ለወራሾችህ፣ ግን በፅሁፍ ወይም በድምፅ የተቀረፀ መሆን አለበት አለኝ። የኔዋ ደግሞ አፍ ላይ ብቻ ነበረች። እንደኔ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ይሄን የሚነግረው የለም እኮ፣ ስቱዲዮ አያውቅም፣ ማህበር ውስጥ የለም፣ ያለችው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለች ግጥም ብቻ ናት፣ እሷም ትሄድበታለች።

ውድድርም ሞክሬያለሁ። አንድ ቦታ ልመዝገብ ሄጄ ገና ስሜን ሳይፅፉ እድሜ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ከ35 በላይ አንቀበልም አሉኝ። ግጥም ብቻ ነው ያመጣሁት መዝፈን አልፈልግም ብላቸውም ያው ነው። ድሃ ልጅ ቦታ አጥቶ አያውቅም፣ ማህሙድ አህመድ ራሱ ሊስትሮ ነበር፣ አሪዞና ክለብ እየሰራ ዘፋኝ በቀረ ምሽት ነው እድል ያገኘው፣ ግን ያኔ ልጅ ነው። ለድምፅ ልጅነት ይጠቅም ይሆናል፣ ለግጥም ግን 30 አመት ቀዳዳ መድፈን ነው የሚጠቅመው፣ እኔ በ25 አመቴ ያቺን ግጥም ልፅፋት አልችልም ነበር፣ ምን አውቄ።

እኔ ግጥሟን የሰጠሁባት አዝማሪ ቤት ዛሬ የለችም፣ ሰፈሩ ሲፈርስ አብራ ሄደች፣ አዝማሪዋም የት እንዳለች አላውቅም። እዛ ቤት ማንም እድሜህን አይጠይቅህም፣ ተቀበይ ካልክ ትቀበልሃለች። ስለዚህ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። እናንተ ስለ ዘፈን በፃፋችሁ ቁጥር ግጥም የማን ዜማ የማን እንደሆነ ፃፉ፣ አንድ መስመር ናት። ሁለተኛ፣ ፒያሳ ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ፣ ከ1927 ጀምሮ የነበረ ቤት ነው፣ ማዘጋጃም አዳራሽ አለ፣ በወር አንድ ምሽት ሹፌሩም ልብስ ሰፊውም እንጀራ ጋጋሪዋም ግጥሟን ይዛ የምትመጣበት መድረክ ቢከፈት፣ እድሜ የማይጠየቅበት፣ እዛው በድምፅ የሚቀረፅበት። ይሄን የሚመለከታቸው ሰዎች ዘንድ ሄዳችሁ ብትጠይቁልኝ።

እኔ በበኩሌ ደብተር ገዝቻለሁ። እስከዛሬ 61 ግጥም አለው፣ እያንዳንዱ ስር ቀኑ ተፅፏል፣ የመጀመሪያው ገፅ ላይ ያቺው ሁለት መስመር ናት።

ጎሚስታው፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ