ላልመለስኩልህ ጥያቄ

ወዳጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልህ እንደምትገረም አውቃለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤህ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። «ቪዲዮዎቹን ያስቀመጥኩበት ሰርቨር በራሱ ስክሪን ላይ ይከፈታል፤ ከላፕቶፑ ግን እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ነገ እመልስለታለሁ እያልኩ ቀኑ ሄደ። ኋላ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፍሮኝ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።

ባለፈው ሳምንት ያው ነገር በእኔ ላይ ደረሰ። ሰርቨሬን ታውቀዋለህ፤ ጄሊፊን የሚባለውን፣ ቪዲዮን ለቤቱ ዕቃዎች የሚያሠራጨውን ፕሮግራም ጭነን የቤተሰቡን ቪዲዮ ሁሉ አብረን የገለበጥንበት ያ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ቴሌቪዥኑ ያሳየዋል፣ ስልኬም ይከፍተዋል። ላፕቶፑ ላይ የሰርቨሩን አድራሻ 192.168.1.20:8096 ብዬ ስጽፍ ግን ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻ መልስ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ወሰደ ይለኛል።

ያጠፋሁትን ልንገርህ፣ አንተ እንዳትደግመው። ምንም ሳልመረምር ሰርቨሩንም፣ ዕቃዎቹን የሚያገናኘውን ራውተሩንም አጥፍቼ አስነሣኋቸው። ላፕቶፑ እንደ በፊቱ እምቢ አለ፣ ይባስ ብሎ ቴሌቪዥኑም ሰርቨሩን አጣው። አንዱ ችግር ሳይፈታ ሌላ ጨመርኩበት ማለት ነው፤ ይህን ያወቅሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

በማግስቱ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩና በመጀመሪያ የላፕቶፑን የራሱን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር አየሁ። 192.168.50.14 ይላል። ሦስተኛውን ቁጥር ተመልከት፤ የሰርቨሩ 1 ነው፣ የላፕቶፑ 50። እንደ አብዛኛው ቤት ባለ ኔትወርክ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ ሁለቱ ማሽኖች አንድ ግቢ ውስጥ አይደሉም። ለካ ላፕቶፑ የተያያዘው ከእንግዳ ዋይፋዩ ጋር ነው! ስሙ ከዋናው የሚለየው በመጨረሻው ቃል ብቻ ነው። አንድ ቀን ለሙከራ አስገብቼው ነበር፣ እሱም አስታውሶ በራሱ እየገባ ኖሯል። የእንግዳ ኔትወርክ ኢንተርኔት ይሰጣል፣ የቤቱን ዕቃዎች ግን እንዳያይ ይከለክላል። ኢንተርኔቱ ያለ ችግር ስለሚሠራ ዋይፋዩን ፈጽሞ አልጠረጠርኩትም ነበር። የእንግዳውን ስም ከላፕቶፑ ላይ ሰርዤ ወደ ዋናው አዞርኩት።

እንደገና ሞከርኩ። አሁን ምንም ሳይቆይ፣ ዐይን እስኪጨፈን እንኳ ሳይጠብቅ፣ ለመገናኘት ፈቃደኛ አልሆነም የሚል መልስ መጣ። ደስ አለኝ። አልከፈት ብሎ ምን ያስደስትሃል ትለኝ ይሆናል፤ እነዚህ ሁለት መልእክቶች ግን በጣም የተለያዩ ናቸው። ብዙ ቆይቶ የሚመጣው፣ ደጅ ስታንኳኳ ማንም ድምፅ አልሰጠም ማለት ነው፤ ወይ ቤቱ ላይ አልደረስክም፣ ወይ ፋየርዎል የሚባለው የኔትወርክ ዘበኛ ጥያቄህን ውጦ ዝም ብሏል። ወዲያው የሚመጣው እምቢታ ግን በአብዛኛው ከዚያ አድራሻ ራሱ የተላከ ነው። ማሽን አለ፣ ሰምቶሃል፣ ነገር ግን 8096 በተባለው ፖርት፣ ማለትም ከአድራሻው ቀጥሎ በሚጻፈው የበር ቁጥር ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለውም። ሰው ሁሉ ሁለቱንም «አልሠራም» ብሎ ያልፋቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ሳልፋቸው ኖሬአለሁ።

እንግዲህ 20 ቁጥር ላይ ሆኖ እምቢ ያለኝ ማን ነው? የራውተሩን ገጽ ከፍቼ የተያያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር አየሁ። ከ192.168.1.20 ጎን የተጻፈው የማተሚያዬ ስም ነው። ሁሉንም ባጠፋሁበት ሌሊት፣ ለዕቃዎቹ ቁጥር የሚያድለው ራውተሩ ቀድሞ ሲነሣ ማተሚያው ያንን ቁጥር ወስዶት፣ ሰርቨሩ ዘግይቶ ሲመጣ 192.168.1.24 ደርሶታል። ቴሌቪዥኑም የጠፋበት ለዚሁ ነው። ራውተሩ ላይ ያ ቁጥር ለሰርቨሩ ብቻ እንዲጠበቅ አደረግሁ፤ የኔትወርክ ካርዱን መለያ፣ ማለትም የማክ አድራሻውን፣ ከአይፒው ጋር ታስረዋለህ፣ ሌላ ምንም የለውም። መጀመሪያ ማተሚያውን፣ ቀጥሎ ሰርቨሩን አስነሥቼ ሞከርኩ፤ ተከፈተ።

አሁን ወደ አንተ ጥያቄ። ሰርቨሩ ላይ የምትከፍተው 127.0.0.1 ብለህ ከሆነ ያ ቁጥር «እኔው ራሴ» ማለት ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ብትጽፈው ላፕቶፑ ራሱን ነው የሚፈልገው። የሰርቨሩን እውነተኛ አድራሻ ጻፍ። ሁለቱ በአንድ ኔትወርክ ላይ ሆነው ገጹ ብዙ ከቆየ በኋላ ብቻ ተስፋ የሚቆርጥ ከሆነ የምጠረጥረው የሰርቨሩን ፋየርዎል ነው። ዊንዶውስ የቤትህን ኔትወርክ «የሕዝብ» ብሎ መዝግቦት ይሆናል፤ «የግል» አድርገውና 8096ን ለዚያ ብቻ ክፈት። ማሽኑ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ፒንግ የሚባል ትእዛዝ መልስ ባይሰጥህ አትደንግጥ፣ ፒንግን የሚከለክል ፋየርዎል ገጹን ሊያሳልፍ ይችላል። ግንኙነትህን በመሥሪያ ቤትህ ኔትወርክ በኩል የሚያዞር ቪፒኤን ላፕቶፑ ላይ ካለ ለሙከራ አጥፋው። አደራህን፣ ለዚህ ብለህ ራውተሩ ላይ ከውጭ ወደ ቤት የሚያስገባ በር አትክፈት፤ የቤት ውስጥ ጉዳይ ስለሆነ አይፈታልህም፣ ቤትህን ግን ለማታውቀው ሰው ያሳያል።

ላፕቶፑ ላይ መጀመሪያ የከፈትኩት ቪዲዮ ያኔ ሐይቁ ዳር ያነሣኸው ነው። ካሜራውን የያዝከው አንተ ስለሆንክ ፊትህ አይታይም፣ ድምፅህ ግን ከዳር እስከ ዳር አለ። «ወደ ግራ ጠጋ በል፣ ፀሐዩን ከለልከው» ትለኛለህ፣ ከዚያ ትስቃለህ። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁትና ይህን ወረቀት ሳብኩ።

ላፕቶፑን ክፈትና የሁለቱንም ማሽኖች አድራሻ፣ እንዲሁም ከሁለቱ መልእክቶች የትኛው እንደሚመጣብህ ጻፍልኝ። በደረሰኝ ዕለት እመልስልሃለሁ።

ወንድምህ